የማይክ ቀዳዳው ዘበኛ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ድምፃቸው መሞቱን የተረዱት በነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ማይክራፎን በእጃቸው እንደያዙ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ሞልቷል። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በወይራ አምባ ሚካኤል አርባ ሁለት ዓመት ዜማ አስተምረዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ቃል የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። ሲጀምሩም አይጮኹም። ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው ይጀምራሉ፤ ሕዝቡም ይህንን ስለሚያውቅ ትንፋሹን ይውጣል።

ያን ዕለት ግን በግቢው ጥድ ላይ ከተሰቀለው የድምፅ ማውጫ ጡሩምባ የወጣው ድምፅ የእሳቸው አልነበረም። በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚነቀነቅ ነበር። ይንኮሻኮሻል፣ ይበጣጠሳል። መሪጌታ ቆም አሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ። ባሰበት። ሕዝቡ አንገቱን ደፋ፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ወይኔ የኔታ!» ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሳቸውም ማይክራፎኑን ከጎናቸው ለቆመው ለደባሱ ሰጡት። ደባሱ ራሳቸው ያስተማሩት የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ደረቱ እንደ በሬ ደረት ነው። አፉን ሲከፍት ድምፁ በዚያው ጡሩምባ ጥርት ብሎ ወጥቶ ሸለቆውን ተሻገረ።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከመዘምራኑ መካከል ይቆማሉ እንጂ ማይክራፎኑን አይነኩም። ሰው ሲጠይቃቸው «ድምፅም እንደ ጥርስ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይረግፋል» ይላሉ። አነጋገራቸው የቀልድ ይመስላል። ቤታቸው ሲገቡ ግን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሙሉዬ ጋር እንኳ ብዙ አያወሩም ነበር።

ልጃቸው የትናየት ይህንን ስትሰማ ከሁሉ ይልቅ የቆረጣት ይህ የቤት ዝምታቸው ነው። የትናየት ላሊበላ ገበያው አጠገብ የጥገና ሱቅ አላት። ወልድያ ቴክኒክና ሙያ ሁለት ዓመት ተምራ ከመጣች ጀምሮ ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ የሶላር መብራቱ፣ የየደብሩ ማጉያ ሁሉ በእጇ ያልፋል። አባቷ መጀመሪያ ሙያዋ ብዙም አልገባቸውም ነበር፤ በኋላ ግን ለእንግዳ ሲያስተዋውቋት «እኔ ድምፅን በጉሮሮ፣ እሷ በሽቦ» ማለት ለመዱ። ይህቺን አባባል ደጋግመው ሲናገሯት ደስ ይላቸዋል።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄደች። ከአጥሩ ሳትገባ የአባቷን ድምፅ ሰማች። ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ለራሳቸው ያዜማሉ። ቆማ አዳመጠች። ድምፁ እንደ አሮጌ ነጠላ ሳስቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል። የተቀደደ ቦታ ግን የለውም። ቁልቁል ሲወርድም ሽቅብ ሲወጣም አንድ ክር ነው።

እናቷ ከጓዳ ወጡና «ስሚልኝ እስቲ» አሉ በሹክሹክታ። «ሰው የሌለ ሲመስላቸው እንዲህ ናቸው። ሰው ከመጣ ዝም።»

የትናየት ወደ ጓሮ ዞረች። አባቷ ሲያዩዋት ዝም አሉ።

«አባዬ፣ ድምፅዎ እኮ ደህና ነው» አለቻቸው ጉልበታቸውን ስማ። «የተበላሸው ማጉያው ነው።»

«ማጉያው?» ፈገግ አሉ። «ደባሱም የሚያዜመው በዚያው ማጉያ ነው፣ ልጄ። ለእሱ ደህና ሆኖ ለእኔ የሚበላሽ፣ ሰው የሚመርጥ ዕቃ አለ?»

ጥያቄው ትክክል ነበር።

«ልጅ አባቱን ለማጽናናት የሚዋሸውን ውሸት እግዚአብሔርም አይቆጥርበት» አሉና ራሷን ዳሰሷት። «በይ ግቢ፣ እናትሽ ንፍሮ አላት።»

ጥያቄው ሳምንቱን ሙሉ አልለቃት አለ። ለአንዱ ደህና ሆኖ ለሌላው የሚበላሽ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ማክሰኞ ዕለት የደብሩን ቄሰ ገበዝ፣ ቄስ ቢተውን፣ ለምና ማጉያውን ወደ ሱቋ አመጣችው። ቄስ ቢተው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ለደብሩ ንብረት ግን ከዓይናቸው ብሌን ይልቅ ይሳሳሉ።

«ምንም አልሆነም እኮ ይሄ ዕቃ!» አሉ ለሦስተኛ ጊዜ። «ደባሱ ሲያዜም እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ነው፤ ሳይነካ የኖረውን ነካክተሽ በዓሉን በባዶ እንዳታውይን።»

«በዐሥር ቀን ውስጥ እመልስልዎታለሁ፣ አባ። ካልሆነልኝ እንደነበረ አድርጌ።»

«እንደነበረ አድርገሽ! እንደነበረ!» እያሉ ሄዱ።

የትናየት ማጉያውን ከፍታ በቴስተር አንድ በአንድ ለካችው። መብራቱ ይገባል፣ ይወጣል፤ ተቃጥሎ የጠቆረ የለም፤ የሚሸት የለም። ከስልኳ ወጥ ድምፅ ሰደደችበትና ጆሮዋን አቀናች። ድምፁን ከፍ ስታደርገው ጥርት ይላል። ዝቅ ስታደርገው ይንኮሻኮሻል። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ይህ ዕቃ ሰው አይመርጥም፤ ለስላሳ ድምፅ ነው የማይወድደው። ደባሱ ስለሚጮህ ያልፋል፤ አባቷ ቀስ ስለሚሉ ይያዛሉ።

ምክንያቱን ጠርጥራለች። ጥርጣሬ ግን አባቷን አያሳምንም፤ ጆሮም ቢሆን አያሳምናቸውም፣ የሚንኮሻኮሸው የራሳቸው ጉሮሮ ነው ብለው ደምድመዋልና። ድምፁን በዓይን ማሳየት አለባት። ለዚያ የሚሆነው መሣሪያ ኦሲሎስኮፕ ይባላል፤ የድምፅን ሞገድ በስክሪን ላይ ሥሎ ያሳያል። ወልድያ ሲማሩ አንድ ነበረ፤ ለሠላሳ ተማሪ ተራ በተራ። ላሊበላ ግን የለም። ሆኖም ላፕቶፕ ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳና በውስጡ ድምፅ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ ካለው፣ በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ፕሮግራሙን ከጓደኛዋ በፍላሽ ወስዳ ካስቀመጠችው ቆይታለች።

ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ባሏ ነው።

ምሥጋናው የጂኦግራፊ መምህር ነው። አማቱን እንደ አባቱ ይወዳቸዋል፤ አንዳንዴ የትናየት «ያገባኸው እኔን ነው እሳቸውን?» ትለዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ተሸክሞ ወይራ አምባ እየወጣ ዜማቸውን ሲቀዳ ኖሯል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቅጂ አለው፤ እያንዳንዱ ቀን፣ ወር፣ የዜማው ስም ተጽፎበታል።

ማታ ራት ላይ «ምሥጋናው፣ ላፕቶፕህን ታውሰኛለህ?» አለችው።

«ለምን?»

«ከማጉያው ጋር ላገናኘው።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «የትዬ፣ ያቺን ኮምፒውተር ረሳሻት?»

አልረሳቻትም። ከሁለት ዓመት በፊት ሱቋ ውስጥ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረቻት። ከአንድ ማጉያ መውጫ ሽቦ ስባ በቀጥታ ማይክ ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው። ጧ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ኮምፒውተሯ ዳግመኛ አልተነሣችም። የማይክ ቀዳዳ የተሠራው አንድ ቮልት ለማይሞላ ለትንሽ ድምፅ ነው፤ ማጉያው ወደ ጡሩምባው የሚልከው ግን መቶ ቮልት ይጠጋል።

«ያቺ ቀዳዳ እኮ የየኔታ በር ናት» አለ ምሥጋናው። «ወደ ላፕቶፑ የሚገቡት በእሷ ነው። እሷ ከተቃጠለች በምን እቀዳቸዋለሁ?»

«ከነሐሴ ወዲህ መች ተቀዱልህ?»

እውነት ነው። ከኪዳነ ምሕረት ወዲህ በሄደ ቁጥር መሪጌታ ቡና ያስጠጡታል፣ ስለ ሰብሉ ይጠይቁታል፣ «ዛሬ ይለፈን» ይሉታል። ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ ላፕቶፑን ተሸክሞ ወጥቶ ተሸክሞ ይወርዳል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን ለበሩ ዘበኛ አቁሚለት። ዘበኛውን በዓይኔ ሳላየው ላፕቶፑን አልሰጥም።»

«ይሁን» አለች የትናየት፤ ጉርሻውንም ከእጁ ወስዳ ራሷ አጎረሰችው።

ዘበኛውን ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጀባት። ዋናው ሐሳብ ከባድ አይደለም፤ ዕቃው ነው የጠፋው። ኤሌክትሪክን አንቆ የሚያሳንስ፣ አንድ ሚሊዮን ኦም የሚባል ትልቅ ሬዚስተር ያስፈልጋታል። ሱቋ ውስጥ የተከመሩትን የሞቱ ሬዲዮኖች ሆድ ሁሉ ፈተሸች። ሬዚስተር መጠኑን የሚናገረው በወገቡ ላይ በተቀቡ የቀለም ቀለበቶች ነው፤ እሷ የምትፈልገው ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ነው። ቡናማ ጥቁር ቢጫ አገኘች፤ ቡናማ ጥቁር ቀይ አገኘች። አረንጓዴው በሁለተኛው ቀን ከአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ፣ አቧራ ለብሶ ተገኘ። እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ዐርብ ምሥጋናው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቋ ጎራ አለ። የመበየጃ ካውያዋ ይጨሳል፤ ፊት ለፊቷ አንዲት ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ተከፍታ ተቀምጣለች፤ በውስጧ ጥቃቅን ነገሮች ተደርድረዋል።

«ይሄ ነው ዘበኛው?»

«ይሄ ነው። ና ላሳይህ። መቶ ቮልት በዚህ በኩል ይመጣል እንበል። መጀመሪያ ይህንን ትልቁን ሬዚስተር ያገኛል። እሱ ያንቀዋል። ከሱ ቀጥሎ ይህ ትንሹ ወደ መሬት ያወርደዋል። ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው በሁለቱ መካከል የተረፈው፣ ከመቶ አንዱ እጅ ብቻ ነው።»

«ጠባብ ቦይ አበጅተሽለታል ማለት ነው።»

«አዎ። ግን ወንዝ አንዳንዴ ይሞላል። ከልክ በላይ ቢመጣስ? ለዚያ እነዚህ ሁለቱ ዳዮዶች አሉ። ዳዮድ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር ነው። አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አዙሬ አቁሜያቸዋለሁ። ደህና ቀን ሁለቱም ዝግ ናቸው። ከልክ ያለፈ ሲመጣ ይከፈቱና ትርፉን ወደ መሬት ያፈሱታል።»

የምሥጋናው ፊት በራ። «ግድብና ማፍሰሻ! ይሄንን እኮ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ!»

«እንግዲያው ሰኞ አስተምርበት።»

«ቆርቆሮዋስ?»

«በየሽቦው የሚዞረው የመብራት ጉርምርምታ እንዳይገባበት ታጥራለች። ደግሞ ቆንጆ ናት።»

ቆርቆሮዋን ገጥማ ማጉያውን ለኮሰች። በጡሩምባው ፋንታ አንድ አምፖል አስራበታለች፤ ድምፁን እስከ ጥግ ስትከፍተው አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። ከዘበኛው በፊት በቴስተር ለካች፤ ዘጠና ሁለት ቮልት። ከዘበኛው በኋላ ለካች። ቁጥሩ ግማሽ ቮልት አካባቢ ይንቀጠቀጣል፤ ብታጠፋው፣ ብታበራው፣ በድንገት ብትከፍተው ከዚያ አያልፍም። ምሥጋናው ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ተመለከተ።

«አሁን ስጠኝ» አለችው።

ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣው። «ቻርጀሩን አትሰካ፤ በባትሪው ብቻ ይሥራ» አለችው፤ አደረገ። የሽቦውን መሰኪያ ልትሰካ ስትል እጇን ያዛት።

«እኔ ራሴ ልሰካው።»

«ለምን?»

«ከተቃጠለ እኔ ያቃጠልኩት እንዲሆን። ከአንቺ ጋር አልጣላም።»

አማተበና ሰካው። አልጮኸም፤ አልሸተተም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ተነሥታ እንደ ላስታ ሰንሰለት ተራራ ሽቅብ ቁልቁል አለች።

የትናየት ግን አልተደሰተችም። የተራራዎቹ ጫፍ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሁሉም አምባ ነው፣ ሹል የለም። ስልኳ የሚያወጣው ወጥ ድምፅ ድቡልቡል ያለ ሞገድ መሆን ነበረበት። ማጉያው ነው የሚቆርጠው? ድምፁን ቀነስ አደረገችው፤ ጫፎቹ ድቡልቡል አሉ። ከፍ፤ አምባ። ግንባሯን መታች።

«ማጉያው አይደለም፤ የኛው ዘበኛ ነው። ዳዮዶቹ ቶሎ እየተከፈቱ ደህናውንም ያፈሳሉ።»

«ባለቤቱንም የሚናከስ ዘበኛ!» ብሎ ምሥጋናው ሳቀ።

በየአቅጣጫው አንድ አንድ ዳዮድ ጨመረች፤ በሩ እጥፍ ጠነከረና ሞገዱ ሙሉ ሆኖ ታየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ አባቷ እስከሚያዜሙበት ድረስ ዝቅ አደረገችው። ሥዕሉን አጎላችው። አገኘችው።

«አየኸው?»

«ምኑን?»

«መካከሉ ላይ ተመልከት። ሞገዱ ከላይ ወደ ታች ሲሻገር። ትንሽ ደረጃ አለች። ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል።»

ምሥጋናው ዓይኑን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ከላይ የሚወርደው መስመር መካከለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደገና ይወርዳል፤ ሲወጣም እንዲሁ። ትንሽ ናት። ሞገዱ ትልቅ ሲሆን ማንም አያያትም፤ ሞገዱ ትንሽ ሲሆን ግን ግማሹን ትበላዋለች።

«አስተካክያት በይ!»

«አይሆንም» አለች የትናየት። «አሁን ጠግኜ ብሰጣቸው አባዬ ‹ዛሬ እግዚአብሔር ረዳኝ› ይላሉ እንጂ አያምኑኝም። መጀመሪያ ማየት አለባቸው።»

ኅዳር ዐሥር ቀን ጠዋት መሪጌታ ወልደ ሰንበት በልጃቸው ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንዴት እንዳመጣቻቸው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ «ምሥጋናው አንድ ነገር ይጠይቅዎታል» ብላቸዋለች፤ ምሥጋናው ሲባል እምቢ አይሉም። ቄስ ቢተውም ማጉያቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሆዱ የተከፈተውን ዕቃ ሲያዩ «እንደነበረ!» አሉ በሐዘን።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባ» አለቻቸው። ከዚያ ማይክራፎኑን ለአባቷ ሰጠች። «አባዬ፣ ጓሮ ሆነው እንደሚሉት አንድ ሃሌ ሉያ ይበሉልኝ።»

መሪጌታ ማይክራፎኑን እንደ ጋለ ፍም አዩት። «ልጄ፣ ተዪኝ።»

«የኔታ» አለ ምሥጋናው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለኔ ይበሉ።»

አማቻቸውን ተመለከቱት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው «ሃሌ ሉያ» አሉ። የትናየት መጀመሪያ ማይክራፎኑን ከላፕቶፑ ጋር በቀጥታ ነበር ያገናኘችው፤ ሥዕሉን አስቁማ ያዘችው። ሁለተኛ አስደገመቻቸው፤ አሁን ድምፃቸው በማጉያው ውስጥ ዞሮ በጫማ ቀለሟ ቆርቆሮ በኩል ገባ። እሱንም አስቁማ ከመጀመሪያው ሥር አስቀመጠችው።

«መነጽርዎን ያድርጉ።»

አደረጉ። አጎንብሰው ብዙ ተመለከቱ። የትናየት ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ አባቷ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኟት። ሰውየው እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድምፅን በምልክት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። በብራና ላይ ከየቃሉ በላይ የተጻፈች ትንሽ ጭረት፣ ትንሽ ድፋት፣ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ትነግራቸዋለች። ጣታቸውን በላይኛው መስመር ላይ አስኬዱ። ከዚያ በታችኛው ላይ አስኬዱና ደረጃዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ቁርጥ አለ» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እዚህም። እዚህም።» ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ ተማሪ ሲሳሳት የሚታየው ቁጣ መጣ። «እኔ እዚህ ቁርጥ አላስገባሁም! ቦታውም አይደለም! ማን ነው ያስገባው?»

«ማጉያው።»

«ለደባሱስ?» አሉ መሪጌታ።

የትናየት ወደ በሩ ዞረች። «አባ ቢተው፣ እባክዎን ጮክ ብለው አንድ ነገር ይበሉ።»

ቄስ ቢተው ግራ ገባቸው። ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚኦ!» ብለው ጮኹ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ስክሪኑ ላይ እንደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ያለ ሞገድ ተነሣ። ደረጃዋ ብትፈለግ አትገኝም።

«ከውስጥ ሁለት ወገን ነው ያለው» አለች የትናየት። «ልክ በማኅሌት ቀኝና ግራ ቆማችሁ እንደምትቀባበሉት። ቀኙ የሞገዱን ላይኛውን ግማሽ ያነሣል፣ ግራው ታችኛውን። ደህና ሲሆን ቀኙ ሳይጨርስ ግራው ትንፋሹን አዘጋጅቶ ይቆያል። አሁን ግን ግራው ተኝቷል፤ ቀኙም ተኝቷል። የአንዱ ተራ ካለፈ በኋላ ነው ሌላው የሚነቃው። ጮኾ ለሚያዜም ክፍተቷ አትታወቅም። ቀስ ብሎ ለሚያዜም ግን ዜማው በክፍተቷ ውስጥ ይወድቃል።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። ያደፈ መስሏቸው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሦስት ወር» አሉ። «ሦስት ወር ሙሉ ያልሞተ ሰው ስቀብር ከረምኩ።»

ቄስ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔታ፣ እኔ ምን አውቄ... ለደባሱ ጥሩ ነው ስል...»

«ተወው ቢተው። እኔስ መች አወቅሁ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የተኙትን መቀስቀስ ትችያለሽ?»

ቀስቃሹ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ አንድ ዳዮድ ነበር፤ ሁለቱን ወገን ንቁ አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ መብረቅ ወድቆ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳይሞት አልቀረም። የትናየት ነቅላ በሌላ ተካችው። ካውያው እስኪግል፣ እርሳሱ እስኪቀልጥ፣ እስኪረጋ መሪጌታ ከአጠገቧ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ራሳቸው፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ ማይክራፎኑን አንሥተው በለሆሳስ አዜሙ። ደረጃዋ ጠፍታለች። መስመሩ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሳይደናቀፍ ይፈስሳል።

«አሁን ልክ ነው» አሉ፤ እንደ ፈታኝ መምህር።

ቄስ ቢተው ማጉያውን ተሸክመው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። «እኔ የምልሽ፣ ያቺ የጫማ ቀለም...»

«እሷ የምሥጋናው ናት» አለች የትናየት።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ጠዋት የወይራ አምባ ግቢ በነጭ ልብስ ሞልቶ ነበር። ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ደባሱ ማይክራፎኑን ይዞ ወደ መምህሩ ሄደ፤ እንደ ልማዱ ለይስሙላ ሊጋብዛቸው ነው፤ እምቢ እንደሚሉት ያውቃል። መሪጌታ ተቀበሉት። ሕዝቡ ተያየ።

የትናየት ከሴቶቹ መካከል የእናቷን እጅ ይዛ ቆማለች። ካልሆነስ? ሌላ ያላየችው ብልሽት ቢኖርስ?

ከጥዱ ላይ የወረደው ድምፅ ቀጭን ነበር። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ አልተመለሰም። ግን ሙሉ ነው። የሚንቀጠቀጠው መንቀጥቀጥ በሚገባው ቦታ ብቻ ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲወርድ እንኳ ቃሉ ይለያል። መካከል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ያን ጊዜ ደባሱ ያን ትልቅ ደረቱን ይዞ፣ እንደ ልጅ ቀስ ብሎ፣ ከሥራቸው ደገፋቸው፤ ትንፋሻቸውን ሲያገኙም ዝም ብሎ ወደ ኋላ አለላቸው። ወይዘሮ ሙሉዬ እልልታቸውን ሲለቁት ግቢው በሙሉ ተከተላቸው። ምሥጋናው ከአጥሩ ጥግ ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ አድርጎ ይቀዳል፤ የሚያለቅሰው ግን እሱ ነው።

አንዴ ከጀመሩ ማን ያስቁማቸው። ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ፣ ፀሐይ ከአናት እስክታልፍ፣ የሦስት ወሩን ውዝፍ ሁሉ አዜሙት። «የኔታ፣ ይረፉ» ቢሏቸው በመቋሚያቸው እየገፉ አባረሯቸው።

በማግስቱ የትናየትና ምሥጋናው እንኳን አደረሰዎ ሊሏቸው ሄዱ። መሪጌታ አልጋቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ሙሉዬ የተልባ ጽዋ ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል። «እንዴት አደሩ፣ አባዬ?» አለች የትናየት። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ጉሮሯቸው እንደ ደረቀ ወናፍ ትንፋሽ ብቻ ሰጠ።

የትናየት ደነገጠች። እናቷ ግን ሳቃቸው መጣ። «ሲጮኹ ውለው! አሁን ለሦስት ቀን እረፍት ነው፤ ለእኔም ጭምር።»

መሪጌታ ልጃቸውን በጣታቸው ጠሯት። ጎንበስ ስትል ጆሮዋን ያዝ አድርገው፣ በማይሰማ ሹክሹክታ፣ በሳቅ እየተንቀጠቀጡ እንዲህ አሉ፦

«ይሄንንም ማጉያው ነው በያ!»

ተልባውንም አንሥተው ጠጡ።